ያላቃጨለው ቀስት

ቦንጋ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለበዛወርቅ፣
አዳማ

ደህና መሆንሽን ደብዳቤሽን ያመጣልኝ የአውቶቡስ ሹፌር ነግሮኛል። እኔም ብዕር የምይዝበት ጤና አላጣሁም። የሰላምታው ነገር በዚሁ ይብቃን፤ ሥራ አለ።

ስልኬ ለምን እንደማይነሣ ጠይቀሻል። አልተበላሸም፤ ዘግቼው ነው። እኔ መኪና የምፈትሽለት የውድድር ክበባችን ሊቀ መንበር ግዛቸው አምና የታናሹን ምድብ የሞተር ወሰን በስልክ "ሁለት መቶ ሃያ ሲሲ" ብሎኝ፣ ስብሰባ ላይ "ሁለት መቶ ነው ያልኩት ጋሽ ጣሰው፣ ጆሮዎ ነው" አለኝ። ጆሮዬ! ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ጉዳይ ያለው ይጻፍ። አንቺም ልጄ ብትሆኚ ጻፊ። ወረቀት አድሮ ቃሉን አያጥፍም።

ለውድድር ደንብ ኮሚቴያችሁ የቦንጋን ክበብ ሁኔታ ጠይቀሻል። አምስት መኪና አለን። አምስቱም አንድ ሰው ብቻ የሚይዙ፣ ጣሪያ የሌላቸው፣ አራቱም ጎማቸው ከአካላቸው ውጭ የቆመ፣ በየጋራዡ የተበየዱ ናቸው። ሦስቱ በባጃጅ ሞተር፣ ሁለቱ በሞተር ሳይክል ሞተር ይሄዳሉ። የሚሮጡት ከድሮው እንጨት መሰንጠቂያ ጀርባ በተደለደለው ሜዳ ላይ ነው። ሰዉ እሑድ እሑድ ሊያይ ይመጣል፤ ልጆቹም ሰው ባየ ቁጥር ይብሳሉ።

እኔ የምፈራው ፍጥነቱን አይደለም። ጎማቸው ውጭ የሆነ መኪኖች ጎን ለጎን ሲነካኩ የአንዱ ጎማ በሌላው ጎማ ላይ ይወጣል፤ የወጣው ይገለበጣል። ስለዚህ ከሹፌሩ ራስ በስተኋላ ቆሞ የታጠፈውን ቧንቧ፣ እኛ ቀስት የምንለውን፣ ከሁሉ አብልጬ የምፈትሸው እሱን ነው። መኪናው ሲገለበጥ መሬት የሚመታው ቀስቱ ይሁን እንጂ ራስ ቅል አይሁን። የብረቱ ውፍረት ሁለት ሚሊ ተኩል ይሁን ብላችሁ የጻፋችሁት ልክ ነው። በዚህ አልከራከርሽም።

አፈታተሼን ጠይቀሻል። በአሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ እመታውና አዳምጣለሁ። ስስ ብረት እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል፤ ወፍራም ብረት አጠር አድርጎ ያቃጭላል። አያትሽ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎውን በጣቱ መታ መታ ያደርግ ነበር። ባዶ ቀፎ ይጮኻል፤ ማር የሞላው ዝም ይላል። አንድም ቀን ባዶ ቀፎ አላወረደም። የተጠራጠርኩትን ቀስት ደግሞ በመሰርሰሪያ በስቼ በሽቦ እለካዋለሁ። ከሹፌሮቹ አንዱ፣ ከፈለኝ የሚባለው፣ "ጋሽ ጣሰው፣ መኪናዬን ወንፊት አደረጉት" እስኪል ድረስ ሁለቴ በስቼበታለሁ። ያለፈው ቀስት ላይ የአያትሽን የቀፎ ምልክት፣ ሁለት ጭረትና አንድ ነጥብ፣ በብረት ማተሚያ እመታበታለሁ። እኛ ዘንድ ምልክት ያለበትን ቀፎ ማንም እንደማይነካው ታውቂያለሽ። ምልክቴ ያለበትንም ቀስት ማንም አይጠይቀውም።

ስለ ወንድምሽ ስለ ኢያሱ ጠይቀሻል። መኪናውን ሳላሳልፍ ሦስት ጊዜ መልሼዋለሁ፤ ቀስቱን ገና በአዲስ ሊተካው ስለሆነ እሱን አልመታሁም። መጀመሪያ ሲሊንደሩ ተፍቆ ሁለት መቶ ስድስት ሲሲ ገብቶ አገኘሁት፤ ለታናሹ ምድብ አይሆንም። ሁለተኛ የቤንዚን ጋኑ ከወንበሩ አጠገብ ያለ ከለላ ነበር። ሦስተኛ ሚዛን ላይ አሥራ አንድ ኪሎ ጎደለው። "አባዬ፣ ኮስታራነትዎን ሚዛኑ ላይ ቢያስቀምጡልኝ ይሞላ ነበር" አለኝ፤ ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። "የጋሽ ጣሰው ልጅ ስለሆነ አለፈ" ከሚባል መቶ ጊዜ ይመለስ።

የላክሽው የውፍረት መለኪያ መሣሪያ በቦታው አለ።

ማሟያ ክብደት ከምን መሠራት እንዳለበት ደንቡ ላይ አላገኘሁም። መልሽልኝ።

አባትሽ ጣሰው


አዳማ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል አባዬ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ማንኪራ ያሉት ዘመዶቻችን ሁሉ እንደምን አሉ? ሰላምታው ይብቃን ቢሉኝም እኔን አይበቃኝም።

የጠየቁኝን ልመልስ። ማሟያ ክብደት ከምን ይሁን የሚል ነገር ደንቡ ውስጥ የለም። ከሻንሲው ጋር የተያያዘ፣ በእጅ የማይነቀል፣ ሲነዳ የማይንቀሳቀስ ይሁን ነው የሚለው። አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኢያሱም ደውሎ ይህንኑ ጠይቆኝ ይህንኑ መልሼለታለሁ። ስለዚህ ክብደቱን ካሟላ ከምን እንዳሟላው አይከራከሩት።

መሣሪያው በቦታው መኖሩን ስሰማ ደስ አለኝ። በተማሪዎቼ ፊት "አባቴ ስድስተኛ ክፍልን ሳይጨርስ የእንጨት መሰንጠቂያውን ማሽን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት ያነበበ ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ በዲጂታል መሣሪያ ይፈትሻል" ብዬ ኮርቻለሁ። ኢያሱን የቀስቱን ቧንቧ ከጅማ ነው ወይስ ከዚያው ከቦንጋ የገዛኸው ብዬ ብጠይቀው "አባዬ ይፈትሸው የለ፣ አንቺን ምን ያስጨንቅሻል?" አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ነገር ልበልና አይቆጡኝ። ሦስተኛውን ጊዜ ሲመልሱት ማታውኑ ደውሎልኝ ነበር። የተናደደ መስሎኝ ነበር፤ አልተናደደም። "ስሜን ሲጠራ ድምፁ የከፈለኝን ስም ሲጠራ ካለው ድምፅ ጋር አንድ ነው" ነው ያለኝ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ብል አይክዱኝም። ጠንካራ ልጅ ነው፤ ግን ድምፅ ይሰማል። ያው የእርስዎ ልጅ ነው።

አደራዎን አንድ ቀን፣ ሰው በሌለበትም ቢሆን፣ ጥሩ ነገር ይበሉት።

ልጅዎ በዛወርቅ


ቦንጋ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለበዛወርቅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታውን እያንዳንዱን አንብቤዋለሁ፤ ሁሉም ደህና ናቸው።

ኢያሱ አለፈ ወይ ብለሽ በሹፌሩ አፍ ጠይቀሽኛል። ትናንት አልፏል። ሞተሩ አንድ መቶ ዘጠና ስምንት። ጋኑ ተሸፍኗል። ሚዛኑ ከደንቡ ግማሽ ኪሎ አለፈ። ክብደቱን የት እንዳስገባው አልጠየቅሁም፤ ደንባችሁ አያስጠይቀኝም።

ቀስቱን መታሁት። አልጮኸም። እንደ ግንድ ዝም አለ። ምልክቴን መታሁበት።

ምን አለ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ምልክቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ ከዚያ ምልክቱ ትኩስ እንደሆነ ሁሉ ጣቱን ጠባው። ከፈለኝ ከኋላ "ኧረ ጋሽ ጣሰው፣ ዛሬ መሰርሰሪያው የት ሄደ? መብራት ጠፋ እንዴ?" እያለ ሲያስቅ ነበር። መብራት ነበር።

ጥሩ ነገር በለው ብለሽኛል። "ተጠንቀቅ" አልኩት።

ውድድሩ እሑድ ጥር 18 ነው። ከዋጫና ከቢታ ገነት ሳይቀር ሰው ይመጣል ተብሏል።

አባትሽ ጣሰው


ቦንጋ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለበዛወርቅ፣

ለምን ጅማ አልመጡም ብለሻል። ሆስፒታል ውስጥ የምሠራው ሥራ የለኝም። አንቺ አለሽ። የላክሁት ብርድ ልብስና ቅቤ መድረሱን ሹፌሩ ነግሮኛል።

እንዴት ሆነ ብለሻል። ከልጆቹ አፍ አሥር ዓይነት ወሬ እንደምትሰሚ አውቃለሁና ያየሁትን እጽፍልሻለሁ። በሰባተኛው ዙር፣ መታጠፊያው ላይ፣ የኢያሱ የፊት ጎማ በከፈለኝ የኋላ ጎማ ላይ ወጣ። ማንም አላጠፋም፤ መንገዱ ለሁለት ይጠባል። መኪናው አንዴ ብቻ ነው የተገለበጠው። ቀስቱ መሬት እንደነካ ታጠፈ። ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ የቀረውን ሐኪሞቹ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

አንድ ነገር ግን አለ። መኪናውን ስናነሣው ከተሰነጠቀው ቀስት አሸዋ ይፈስ ነበር። አሸዋ! ደረቅ፣ የተነፋ አሸዋ፤ እንደ ተቀደደ ጆንያ። የጎደለውን ክብደት ያሟላው በአሸዋ ነው። ስሱን የውኃ ቧንቧ አሸዋ ጠቅጥቆ፣ ሁለቱን አፍ በይዶ፣ በእኔ ፊት አቁሞ ምታ አለኝ። ሃምሳ ዓመት ብረት ስመታ ያታለለኝ አልነበረም። የገዛ ልጄ አታለለኝ። ሰዉ ሁሉ አሸዋውን አይቷል። ሰዉ ሁሉ ምልክቴንም አይቷል።

ይቅር በሉት ብለሽ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። በሽተኛ አይቀጣም፤ እኔም አልቀጣሁትም። የክበቡን ወረቀት በተመለከተ ግን ማድረግ የሚገባኝን አድርጌያለሁ። ይህን በዚህ እንተወው።

እግሩን ያንቀሳቅሳል ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ብታውቂ ኖሮ ትጽፊው ነበር።

ጣሰው


አዳማ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ። ዛሬ ከዚህ የረዘመ ሰላምታ የለኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ኢያሱን ወደ ቤቴ አምጥቼዋለሁ። የታችኛውን ክፍል አጽድቼ አልጋውን መስኮቱ ሥር አድርጌለታለሁ። ያልጠየቁኝን ልንገርዎ፤ እግሩን አያንቀሳቅስም። ሐኪሙ "ጊዜ" ይላል። እንዴት ያለ ጊዜ እንደሆነ ስጠይቀው ወረቀቱን ይመለከታል።

ማድረግ የሚገባኝን አድርጌያለሁ ያሉትን አሁን አየሁት። ግዛቸው ለኮሚቴያችን ቅጂውን ልኮታል። "ሹፌሩ ፈታሹን አውቆ በማታለሉ መኪናው ከምድብ ውጭ ነበር፤ ስለዚህ በጥር 18ቱ ውድድር በምድቡ ውስጥ የደረሰ አደጋ የለም" ይላል። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ አለ። ቀኑ ጥር 19 ነው። ኢያሱ ገና ራሱን ሳያውቅ። አባዬ፣ አልጋዬ ላይ የተኛውን ልጅ በአንድ መስመር አልነበረም አላችሁት።

አሁን ስለ አሸዋው እኔ ልናገር። ቦንጋ ውስጥ የቧንቧ ማጠፊያ ማሽን የለም። ቧንቧ ሳይጨማደድ እንዲታጠፍ ደረቅ አሸዋ ጠቅጥቆ፣ አፉን በእንጨት ወትፎ፣ በእሳት አግሎ ማጠፍን ለቦንጋ ልጆች ሁሉ ያስተማረው ማን ነው? ለእኔ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጓሯችን ውስጥ አሸዋውን በወንፊት ያስነፉኝ ማን ነበሩ? ኢያሱ ያጠፈው እርስዎ ባስተማሩት መንገድ ነው። ከታጠፈ በኋላ አሸዋውን ሊያወጣው ሲል ክብደቱ ትዝ አለው። ደውሎ "ይቅር ወይስ ላውጣው?" አለኝ። "ካልተንቀሳቀሰ ደንቡ ይፈቅዳል፤ በይደው" ያልኩት እኔ ነኝ። ማታለል ከሆነ ያታለልኩት እኔ ነኝ። የቧንቧው ውፍረት ስንት ነው አልኩት፤ "አላውቅም፣ ሻጩም አላወቀም፣ አባዬ ይነግረኛል" አለኝ። እኔም መሣሪያው አለ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

መሣሪያው አሸዋ አያታልለውም አባዬ። አሸዋ ይኑር አይኑር የብረቱን ግድግዳ ብቻ ነው የሚለካው። ለዚህ ነው የላክሁልዎ። በቦታው አለ ብለውኝ ነበር። ቦታው የት ነው?

በዛወርቅ


ቦንጋ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለበዛወርቅ፣

ቦታው ቁም ሣጥኑ ላይ ነው። ከነካርቶኑ፣ ከነማሸጊያው። ደብዳቤሽን አንብቤ እስክጨርስ ድረስ አልተከፈተም ነበር። ውሸት አልጻፍኩልሽም፤ በቦታው ነበር። አንቺ ግን የተረዳሽው ሌላ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ አላረምኩሽም።

ፊርማዬን አንሣ ብለሽ አልጻፍሽም፤ ግን ደብዳቤሽ ሁሉ እሱን ይለኛል። የፈረምኩት እውነት ነው። አሸዋ እንዳለበት አልነገረኝም። አንቺም አልነገርሽኝም። ደንቡ አያስገድደውም ትያለሽ፤ ደንቡን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። እኔ የምጠየቀው በሰማሁት ነው።

ግዛቸው ትናንት ጋራዡ መጥቶ ነበር። ያለውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ።

"ጋሽ ጣሰው፣ ለፋሲካ ማግስት ዋጫ ላይ ውድድር አዘጋጅተናል። አራቱን መኪኖች እንደገና ይፈትሹልን።"

"አስፋልት መንገድ ነው ወይስ እንደ እኛው ሜዳ?"

"ሜዳ ነው። ምን አለበት? መዝገባችን ንጹሕ ነው። አንድም አደጋ የለብንም።"

"አንድ ልጅ ተኝቷል ግዛቸው።"

"እሱማ ከምድብ ውጭ ነበር። ራስዎ ፈርመዋል እኮ! አይዞዎት፣ ስምዎን አድነናል። ያታለለዎት ሰው ነው እንጂ እርስዎ አልተሳሳቱም። ከተማው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ 'አጭበርባሪ ልጅ ምስኪን አባቱን ጉድ ሠራው' ነው የሚለው።"

"ምስኪን?"

"በክፉ አይደለም ጋሼ።"

ይህን ቃል ስለእኔ ማንም ብሎት አያውቅም። ከጋራዡ አስወጣሁት። እስከ ማታ ግን ያንኑ አንድ ብሎን ሳጠብቅና ሳላላ ዋልኩ።

መሣሪያውን ከፍቼዋለሁ። መጽሐፉን እያነበብኩ ነው። የምትጠይቂኝ ነገር ካለ ጠይቂ።

ጣሰው


አዳማ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ፣

እኔ የምጠይቅዎ ነገር የለኝም። ኢያሱ ግን አለው።

ደብዳቤዎችዎን ሁሉ እንዳነብለት ጠይቆኝ ከኅዳር ጀምሮ አነበብኩለት። ስለ አያታችን ቀፎ የጻፉት ጋ ስደርስ አስቁሞኝ ደግሜ እንዳነበው ነገረኝ። የጥር 13ቱንም እንዲሁ። ትናንት ምሳ ሳቀርብለት እንዲህ ብለሽ ጻፊለት አለኝ። ቃሉን አልለወጥኩም።

"አባዬ ቀስቴን ሲመታው እውነት ወፍራም መስሎት ነው ያሳለፈኝ ወይስ አዝኖልኝ? ሌላ ነገር አልፈልግም። ይቅርታም አልፈልግም። ይህን ብቻ ይንገረኝ። እሱ አይዋሽም።"

ሰላም ይሁኑ።

በዛወርቅ


ቦንጋ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢያሱ፣
አዳማ

ይህን ደብዳቤ እህትህ ታንብብልህ አልልም። እጅህ ደህና ነው፤ ራስህ አንብበው።

እንደምን አለህ። ስንት ዓመት አንድ ቤት ኖረን ይህን ቃል ላንተ የጻፍኩት ዛሬ ነው፤ ሲጻፍ ከባድ ሆኖ አገኘሁት።

ጥያቄህ በሁለተኛው ቀን ደርሶኝ ነበር። መልሴ ለምን እንደዘገየ ልንገርህ። አስቀድሞ የተሰበረውን ቀስትህን ከግዛቸው ግቢ በጋሪ አስመጣሁ። ማስቀረት ፈልጎ ነበር፤ "ንብረቱ የክበቡ ነው" አለኝ። "ክበቡ መኪናውን አላውቀውም ብሎ ፈርሞ የለ፣ የማያውቀውን ብረት ምን ያደርግለታል?" አልኩት፤ ለቀቀው። ሞርሳ ላይ አስሬ በእህትህ መሣሪያ በሃያ ቦታ ለካሁት። አንድ ነጥብ ስድስት ሚሊ ነው። ደንቡ የሚጠይቀው ሁለት ሚሊ ተኩል። ያጠፍክበት ቦታ ደግሞ ከዚያም ሳስቷል። አስተጣጠፍህ ግን አንድም ጨምዳዳ የለበትም። ከእኔ ይልቅ አሳምረህ አጥፈኸዋል።

ከዚያ የቀሩትን አራት መኪኖች ለካሁ። ከፈለኝ "ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ፣ ሐኪም ሆኑ እንዴ?" አለኝ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ቁልፉን ሰጠኝ። አራቱም ከሁለት ሚሊ ተኩል በላይ ናቸው። አራቱም በመጨረሻ ያለፉት በጆሮዬ ነበር። ጆሮዬ አንዱንም አልሳተም።

ያንተንም አልሳተም።

እህትህ አንብባልሃለችና የቀፎውን ቦታ ለምን እንዳስደገምካት ገብቶኛል። ወፍራም ብረትም ቢሆን ጥቂት ያቃጭላል። ዝም የሚል ብረት የለም። ዝም የሚለው የተሞላ ነገር ነው፤ ይህን ብረት ሳልነካ በፊት ከአያትህ ቀፎ ሥር ቆሜ ነው የተማርኩት። ቀስትህን ስመታው ዝም አለ። ውስጡ አንድ ነገር እንዳለ በዚያችው ቅጽበት አወቅሁ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ እንዳለ ግን አወቅሁ። ከፈለኝ ቢሆን ኖሮ መሰርሰሪያ አምጡ እል ነበር። እጄም ወደ መሰርሰሪያው ሄዶ ነበር። ያን ጊዜ ፊትህን አየሁት። አራተኛ ጊዜህ ነበር። ሚዛኑ ሞልቷል፣ ሞተሩ ልክ ነው፣ ሰዉ ቆሟል፣ አንተ ደግሞ እስትንፋስህን ይዘህ እጄን እጄን ታያለህ። የእህትህ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ስምህን ስጠራ ድምፄ እንደማንም ስም እንደሆነ የጻፈችልኝ።

ማተሚያውን አነሣሁ።

ማግስቱን ለእህትህ "እንደ ግንድ ዝም አለ" ብዬ ጻፍኩላት። ጽፌ ሳበቃ ያንኑ መስመር አየሁት። ልሰርዘው ብዬ ነበር፤ ወረቀት ማበላሸት አልወድም ብዬ ተውኩት። በኋላ አሸዋው ሲፈስ ሳይ ደስ አለኝ ብልህ ታምነኛለህ? አንተ መሬት ላይ ተኝተህ፣ እኔ ያታለለኝ ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ። ለዚህ ነው በማግስቱ የፈረምኩት። ለዚህ ነው ጅማ ያልመጣሁት። ሆስፒታል ውስጥ ሥራ የለኝም ያልኩት ሐሰት ነው። ዓይንህን ፈርቼ ነው።

ይህንኑ፣ አሁን ለአንተ የጻፍኩትን፣ ለክበቡም ጽፌ ፊርማዬን አንሥቻለሁ። ሹፌሩ ፈታሹን አላታለለም፤ ፈታሹ ሰምቶ አሳለፈ ብዬ። ቅጂውን ሜዳው ላይ ባለው ሰሌዳ በምስማር መታሁት። እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። ከሰዓት በኋላ ግዛቸው ነቀለው። "ጋሼ፣ እርጅና ነው፣ ሐዘን ነው፣ እንረዳዎታለን" አለኝ። መዝገቡ አይለወጥም ብሏል። ዋጫ ላይም ይሮጣሉ፤ ምልክቴን የሚመታ ሌላ ሰው አግኝተዋል፤ ማተሚያውን አስቀድ‍መው አስቀርጸውት ኖሯል። ከተማው አንተን አጭበርባሪ ማለቱን እንዳልተወ ልደብቅህ አልፈልግም። እኔን ደግሞ ልጁን ለማዳን የሚዋሽ ሽማግሌ ይሉኛል። በሰባ አራት ዓመቴ እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ።

የእኔን ማተሚያ ሞርሳ ላይ አስሬ በሞረድ ፍቄ አጥፍቼዋለሁ። የአባቴ ምልክት ነበር፤ ከእንግዲህ የእኛ ቤት ምልክት የለም።

ይቅርታ አልፈልግም ብለሃል፤ እኔም አልጠይቅህም። ይቅርታ የሚጠየቀው ለስህተት ነው። እኔ አልተሳሳትኩም።

ስለዚህ የጠየቅኸኝ መልስ ይኸው። አዝኜልህ ነው። በሕይወቴ ለማንም አድርጌው አላውቅም፤ ለእህትህም፣ ለእናትህም፣ ለራሴም። ላንተ ብቻ አንዲት ጊዜ አደረግሁ። ያደረግሁልህም ይህንን ነው።

አባትህ ጣሰው